ያየናቸው፣ ያላየናቸው እና ልናያቸው ያልቻልናቸው

ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ፣ ይብዛም ይነስም፣ አንድ ዝርዝር አለው። አንዱ በደብተር ይጽፈዋል፤ ሌላው በልቡ ይይዘዋል። ዘመን አይሽራቸውም ከሚባሉት የዓለም ፊልሞች የትኛውን አየሁ፣ የትኛው ቀረኝ እያለ ራሱን ይቆጣጠራል። እኔም ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ የማኖረው እንዲህ ያለ መዝገብ አለኝ። መጀመሪያ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ «ያየሁት» እና «ያላየሁት»። ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ግን ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩበት፤ «ላየው ያልቻልኩት»። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ በሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ያላየሁት ፊልም የእኔ የጊዜ እጥረት ወይም የስንፍናዬ ጉዳይ ነው። ላየው ያልቻልኩት ግን ከእኔ ፈቃድ ውጪ ነው፤ የመንግሥታት፣ የገንዘብ፣ የሳንሱርና የቸልተኝነት ታሪክ ውጤት ነው። ስለዚህም ዓምዱ የግል ምርጫን ሳይሆን የአገርን የፖለቲካ ታሪክ ያሳያል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። በእኔ እምነት ግን ስለራሳችን የተሠራውን ፊልም አለማየታችን ሊናፍቀን ብቻ ሳይሆን ሊያሳስበንም ይገባል።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው?

የዓለም ፊልም ወዳጆች አብዝተው የሚጠቅሱት ዝርዝር «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የሚያወጣው ነው። በመጀመሪያው ምርጫ አንደኛ የወጣው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት አምስት ምርጫዎች የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ከዙፋኑ አልወረደም። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ተካው። በ2022 ደግሞ የቤልጂግ ተወላጇ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ፤ ከአሥር ዓመት በፊት 36ኛ የነበረ ፊልም ነው።

ይህ ለውጥ የሚነግረን ነገር አለ። ፊልሞቹ ያው ናቸው፤ አንድም ምስል አልተጨመረባቸውም፣ አልተቀነሰባቸውም። የተለወጠው የመራጩ ማንነትና ብዛት ነው። በ2012 ድምፅ የሰጡት ሐያስያን 846 ነበሩ፤ በ2022 ከ1,600 በላይ ሆኑ። እንግዲህ «ታላቅ ፊልም» የምንለው ከሰማይ የወረደ ፍርድ ሳይሆን ያዩ ዓይኖች ቆጠራ ነው ማለት ነው። ያልታየ ፊልም አይመረጥም። በ2022ቱ መቶ ፊልሞች ውስጥ የሴኔጋላውያኑ የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» እና የኡስማን ሴምቤን «ጥቁሯ ልጅ» ገብተዋል። ኢትዮጵያዊ ፊልም ግን አንድም የለም። ይህን ሳነብ ቅር ያለኝ በእንግሊዞቹ አይደለም። እኛ ራሳችን ያላየነውን ፊልም ሌላው አይቶ እንዲመርጥልን መጠበቅ አይቻልምና።

በእኛ ላይ የተሠራውና በእኛ የተሠራው

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ቤት በሕዝቡ አንደበት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱን ሁላችንም ሰምተናል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የምንጠቅሰው የአያቶቻችንን የዋህነት ለማሳየት ነው። እኔ ግን አያቶቻችን ያን ያህል የዋሆች እንዳልነበሩ አስባለሁ። ካሜራ ያለው ኃይል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ጥቂት ዓሥርት ዓመታት ቆይቶ ታይቷል። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ከጦሩ ጋር የፊልም ባለሙያዎቹንም አሰልፎ ነበር። ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለው ዳይሬክተር በተያዘችው ኢትዮጵያ ቀርጾ የሠራው «አቡነ ማስያስ» በ1939 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የሙሶሊኒን ዋንጫ አሸነፈ። ፊልሙ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኦሮሞ መካከል ይሰብክ የነበረውን ካፑቺናዊ ሚሲዮናዊ ጉሊዬልሞ ማሳያን የሚያወድስ ነው። ልብ በሉ፤ የእኛ ሰው የራሱን የፊልም ታሪክ መሥራት ሳይጀምር መሬቱና ፊቱ ለወራሪው ክብር ማጀቢያ ሆኖ ተሸልሞበታል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም የተውኔት ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ኢላላ ኢብሳ፣ ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ። የዚህን ርዕስ ትርጉም ለሻሸመኔ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጉማ በኦሮሞ ባህል በደም የተፈላለጉ ወገኖች በካሳና በዕርቅ የሚታረቁበት ሥርዓት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዮናስ ብርሃነ መዋ የመሠረተው ዓመታዊ የፊልም ሽልማት በዚሁ ፊልም ስም «ጉማ» ተብሎ ይጠራል። ሽልማቱን ያውቁታል ወይ ብዬ ተማሪዎቼን ብጠይቅ እጅ የማያወጣ የለም። ፊልሙንስ ያየ ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስሙ ከብሯል፤ ሥራው ግን ከወጣቱ ዓይን ርቋል። ይህ የአንድ ፊልም ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ከታሪካችን ጋር ያለን ግንኙነት ጠቅላላ ምሳሌ ነው። ስም እናከብራለን፣ ሐውልት እናቆማለን፣ ሰነዱን ግን አናገላብጥም።

«ምርት ሦስት ሺ ዓመት» እና የጭሰኛው ፊት

በ«ያየሁት» ዓምድ ውስጥ በደማቅ ቀለም የጻፍኩት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። ኃይሌ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ አብዮቱ በፈነዳበት ጊዜ አገሩ ገብቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባላባቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ሲያዝ፣ ጭሰኛው ቤተሰብ ከታች ጎንበስ ብሎ ሲያርስ፣ እብድ የተባለው ከበበ ደግሞ ማንም የማይደፍረውን እውነት ሲናገር ያሳያል። ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲቀርብ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎት ነበር። ካሜራው ሥርዓቱን የያዘው ሊፈርስ ሲል ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ፊልም ለእኛ አካባቢ ያለው ትርጉም ልዩ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በአርሲና በስምጥ ሸለቆ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቅለዋል። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር በዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢጮህም ቁስሉ የነበረው እዚህ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በቁጥርና በአዋጅ ሳስተምር ይጽፋሉ፤ ለፈተና ያጠናሉ። የተባዛ የፊልሙን ቅጂ ባሳየሁበት ጊዜ ግን አንድ ተማሪ ወጥቶ ሲሄድ «አያቴ ባላባት ሲያልፍ ለምን ቆሞ እንደሚቀር ዛሬ ገባኝ» አለኝ። ባላባቱ ከሄደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ግን መንግሥት የመሰለ ሰው ሲያይ ዛሬም ይነሣል። መማሪያ መጽሐፍ የመሬት ሥሪትን ያስረዳል፤ እንዲህ ያለውን በአካል ውስጥ የቀረ ፍርሃት ለማሳየት ግን ፊልም ያስፈልጋል።

ከመንግሥት አዳራሽ እስከ ቪዲዮ ቤት

ደርግ ሲኒማ ቤቶችን ወረሰ፤ የትኛው ፊልም ይታይ፣ የትኛው አይታይ የሚለውን የመንግሥት ሥራ አደረገው። በ1986 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ተቋም ማፍረስ ልማዳችን ነው። የተቋሙ ዕቃ ለሌላው ይከፋፈላል፤ የተቋሙ ትዝታ ግን ተረካቢ አያገኝም። የሰሎሞን በቀለ «አስቴር» በ1980ዎቹ ዓ.ም. በፊልም ጥቅል ከተሠሩት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ የቪዲዮ ዘመን መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ጉዲፈቻ»፣ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ና መሰሎቻቸው በአዲስ አበባ አዳራሾች ተመልካች አሰለፉ።

እኛ የክፍለ ሀገር ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤታችን ቪዲዮ ቤት ነበር። የሻሸመኔ ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ወንበር የደረደሩ፣ በራቸው ላይ የዕለቱን ፊልም በጠመኔ የጻፉ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ብሩስ ሊን፣ «ኮማንዶ»ን፣ የአሚታብ ባቻንን «ሾሌይ» ያየነው እዚያ ነው። «አክተሩ አይሞትም» የሚል የማይናወጥ እምነት ይዘን እንወጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመናፈቅ ብቻ አይደለም። የእኛ ትውልድ የ«ያየሁት» ዓምድ የሞላው በሆንግ ኮንግ፣ በቦምቤይና በሆሊውድ ነው። የገዛ አገሩን ፊልም ያየው በመጨረሻ ነው።

ከቪዲዮ ቤቶቹ ብዙም በማይርቀው በጃማይካ ሰፈር ስለሚኖሩት ጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። የጃማይካ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም፣ ጂሚ ክሊፍ የተወነበት «ዘ ሃርደር ዜይ ካም»፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከገጠር የመጣው ወጣት ኪንግስተን ሲኒማ ቤት ገብቶ «ጃንጎ» የተባለውን የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ከሕዝቡ ጋር ሲያይ እንመለከተዋለን። ኪንግስተንና ሻሸመኔ ከጥንት የሚተዋወቁት በእምነትና በሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ጀግና በማየትም ዘመዳሞች ነን። ልዩነቱ ጃማይካውያን ያንን ተመልካች ራሱን ፊልም አድርገው ማስቀመጣቸው ነው።

የራሱ ምስል የሌለው

አንዳንድ ወዳጆቼ «እንጀራ ላልጠገበ ሕዝብ የድሮ ፊልም ምን ይፈይዳል?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሴ ግን ከገዛ ከተማችን የመነጨ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ሻሸመኔ ተቃጠለች። ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ። ያን ጊዜ በስልክ የተቀረጹት አጫጭር ምስሎች ዛሬም ለብዙ ኢትዮጵያዊ የከተማችን ብቸኛ መልክ ናቸው። የእነዚያን ቀናት እውነት ልንክድ አይገባም፤ ማስታወስም ግዴታችን ነው። ሆኖም አንዲት ከተማ ከእሳቷ በቀር ሌላ ምስል ከሌላት ልጆቿም ሆኑ ጎረቤቶቿ ስለእርሷ የሚያስቡት በዚያው ልክ ይጠብባል። ከሁሉም የሚከፋው፣ አንዱ ወገን የሚያየው ቅንጭብ ሌላው ከሚያየው የተለየ መሆኑ ነው። ሙሉውን ታሪክ በአንድ አዳራሽ አብሮ ያላየ ሕዝብ በቅንጭብ ይጣላል።

አብሮ ማየት ሁልጊዜ ምቹ አይደለም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ1996 እ.ኤ.አ. በእኛው በአርሲ የደረሰን የጠለፋ ጉዳይና የጠበቃ መዓዛ አሸናፊን ተጋድሎ መነሻ ያደረገ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ዕግድ ቆመ፤ ዕግዱ የተነሣው በኋላ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ በ2009 በዋጋዱጉ ከተሸለመ ወዲህ ስለ ቀይ ሽብር በቤተሰብ ደረጃ ያልተነገረውን እንዲነገር አድርጓል። ጄሲካ በሽር ሐረርን በጥቁርና ነጭ የቀረጸችበት፣ ኦሮምኛ የሚነገርበት «ፋያ ዳዪ» (2021 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአዲሱ ትውልድ ምስክር ነው።

ምን እናድርግ?

በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ሲቋቋም አገራችን ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ድህነቱ ዛሬ ካለው አያንስም። ሆኖም መጽሐፍ ቤት እንደሚያስፈልገው ታመነ። ለፊልምም ይኸው እምነት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የቆዩ ፊልሞችን ቅጂ የያዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግል ባለመብቶች ተስማምተው ለዩኒቨርሲቲዎች ማሳያ ቅጂ የሚያገኙበት መንገድ ይፈለግ። ሁለተኛ፣ የቪዲዮ ዘመን ሥራዎች በካሴት ላይ ያሉ መሆናቸው አይዘንጋ፤ ካሴት ከፊልም ጥቅል ቀድሞ ይበላሻል። ሦስተኛ፣ በየክልሉ ቋንቋ የተሠሩት ፊልሞች በትርጉም ጽሑፍ ለሌላውም ይድረሱ፤ ጎረቤቱን በፊልም ያላየ ሕዝብ በወሬ ብቻ ያውቀዋል።

እናንተም ውድ አንባብያን፣ ወረቀት አውጡና ሦስቱን ዓምዶች አስምሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የሚሞላው የዓለም ፊልም ብዛት አያሳፍርም፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን በሦስተኛው ዓምድ ላይ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ቆም በሉና ፊልሙን ከእናንተ ያራቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ አንድ ሰው ወይም አንድ መንግሥት ብቻ አይሆንም። ዓምዱ እንዲያጥር የሚጠይቅ ተመልካች ከሌለ ግን የትኛውም መንግሥት በራሱ ተነሣሽነት አያሳጥረውም።

ቸር እንሰንብት።