ከቀለሙ በፊት፤ የአሮጌ መኪናን ትውልድ ስለ ማጣራት

አሮጌ መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ ነው። መኪናይቱ በየት አገር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተሠራች፣ በማን እጅ እንዳለፈች የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ አሮጌው ቀለም ከተፋቀ፣ ስቱኮው ከተለሰነና አዲሱ ቀለም ከተረጨ በኋላ ጥያቄው ቢነሣ ምስክሮቹ ሁሉ አብረው ተፍቀዋል። የሙያ ባልደረቦቻችን ይህን አጥተውት ሳይሆን፣ ሥራው ሲጣደፍ ስለሚዘነጋ ማንሣቱ አግባብ መስሎ ታይቶናል።

የአገራችን የአውቶሞቢል ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አስነሥቶ በበረሃና በዳገት አሳልፎ አዲስ አበባ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት አደረሰ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ዘመን በመኪና ወደ ምኒልክ ከተማ መጥቷል። በቃል ሲወራ ግን ሁለቱ ይቀላቀሉና «የምኒልክ መኪና» ተብሎ ይታለፋል። የቤንትሌይን ጉዞ ለይቶ ያቆየልን ክሊፎርድ ሃሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ለንደን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰነድ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያይቱ መኪና እንኳ ስሟን ባጣች ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ ቮልስዋገን ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ትንሽ መኪና እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከግቢው የቆመችውን ቮልስ እያሳየ «ያቺ መኪና ይህች ናት» ቢለን ምን እንመልሳለን? የመኪናው ዓይነት አንድ መሆኑ ምንም አያስረዳም፤ በዚያን ዘመን ቮልስ በከተማው ሞልታ ነበርና። ታርጋዋ፣ የመንጃ ቤት መዝገቧና የሻንሲ ቁጥሯ ተያይዘው ካልተገኙ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የሻንሲው ቁጥር በቮልስ ላይ ከኋላ መቀመጫ ሥር ተቀርጾ ይገኛል። ፋብሪካው ከ1965 ሞዴል ወዲህ በቁጥሩ ሦስተኛ አሐዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክት ነበር፤ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። የአገራችን ባለሙያ በብዛት የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም 1968 የተባለው የአውሮፓ ዓመት ነው። ሊብሬው ላይ 1960 ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ፣ አንዱ ያንን እንደ አውሮፓ ዓመት ወስዶ መኪናይቱን በስምንት ዓመት ያስረጃታል። ከዚያም የ1960ውን የፊት መብራትና ፓራውልት ፈልጎ ይገጥምላታል። የ1968ቱ ግን፣ ከ1200ው በቀር፣ መብራቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፓራውልቱም የወፈረ ነበር። ገንዘብም ድካምም ወጥቶ በፋብሪካ ያልተሠራች መኪና ትወለዳለች ማለት ነው። የኋላው መስተዋትም ዓመት ይናገራል፤ እስከ 1953 መግቢያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ፣ ቀጥሎም ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ነበር። ሞተሩን ግን አትመኑ፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ በዲላና በይርጋ ጨፌ ያልፋል፤ ባንኮ ጎቲቲ ግን ከዚህ ዋና መንገድ ወጣ ብሎ በገደብ ወረዳ የሚገኝ የቡና አገር ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ፣ ከእንሰትና ከቡና ጥላ ሥር አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ ብናገኝ እንበል። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝናቡ ብዙ አልጎዳውም፤ ዝገቱ ያለው ሻንሲው ላይ ነው። በሁለተኛው ተከታታይ ሞዴል ላይ ቁጥሩ የሚገኘው ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከባሌስትራው ማንጠልጠያ አጠገብ ነውና ዝገቱን በመዶሻ ከመምታት በፊት በብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ይገባል። በ1961 እና በ1971 መካከል በተሠራው ባለ 88 ኢንች የቤንዚን ላንድሮቨር ላይ ቁጥሩ በ242 ከጀመረ መሪው በቀኝ ሆኖ ወደ ውጭ አገር የተላከ ነው፤ በ244 ከጀመረ ደግሞ በግራ።

መሪው በቀኝ ከሆነ ወዲያው ሁለት ግምት ይመጣል። ኢትዮጵያ በግራ ትነዳ የነበረችው እስከ 1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ሆነ። እንግዲህ መኪናው ከዚያ በፊት ገብቶ ይሆናል፣ አለዚያም በግራ ከምትነዳው ኬንያ በሞያሌ በኩል ተሻግሮ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ወረቀት ነው። በእንግሊዝ አገር ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም የሻንሲው ቁጥር ሲቀርብለት መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የተላከበትን አገርና የመጀመሪያ ቀለሙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ ይሰጣል። ለቮልስም በቮልፍስቡርግ ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

የአገር ውስጡ መዝገብ ሌላ ጣጣ አለበት። በ1967 ዓ.ም. የግል ድርጅቶችና እርሻዎች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ መኪኖቻቸውም ተከትለው ስለሄዱ፣ ብዙ ሊብሬ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በሩ ይነግረናል። የመሥሪያ ቤትና የድርጅት መኪና በበሩ ላይ ስም ይጻፍበት ስለ ነበር፣ ቀለሙን በአንዲት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ በውኃ ወረቀት በቀስታ ሲያሹት ሽፋኖቹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ይገለጣሉ፤ አንዳንዴም ፊደል ብቅ ይላል። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም።

የቀረው ምስክር ሰው ነው። የጋራዣችን ቋንቋ እንኳ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ስቱኮ የምንላቸው ከጣሊያን የተወረሱ ናቸው። ቡና ሲያጓጉዙ የኖሩ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ፍሬኑን ያሠሩበትን ከተማና መኪናውን የሸጠውን ሰው ስም ያስታውሳሉ። የሚናገሩትን በቀኑ መጻፍ፣ ከሻንሲው ቁጥርና ከሊብሬው ጋር ማስተያየት፣ የበሩን ፎቶግራፍ ከአራቱም ማዕዘን ማንሣት፤ ይህ ሁሉ ከተከናወነ በኋላ የቀለሙ መርጫ ይነሣል።