የተገኘ ወይስ የተጠበቀ? መጽሐፈ ሄኖክና የቁም ጸሐፊዎች ድካም

በጥንታዊ ብራና ግኝት ላይ የሚመሠረቱ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች በምዕራቡ ዓለም ብዙ አንባቢ አላቸው። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው «ዘ ወርድ» በተሰኘ ልብ ወለድ፣ የኢየሱስ ወንድም ያዕቆብ ጻፈው የተባለ ወንጌል ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ፣ አሳታሚዎች ሊያተርፉበት ሲሽቀዳደሙና እውነተኛነቱ ሲያጠራጥር ይተርካል። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት መነሻ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ መጽሐፍ ይጠፋል፣ ብልህ ፈላጊ ያገኘዋል፣ ዓለምም ይደነግጣል። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ግን ይህን ሐሳብ ከሥሩ ይፈትነዋል።

መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ግሪክ ከተመለሰ በኋላ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተተረጎመ ነው። የይሁዳ መልእክት ቃሉን ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ እነ ጀሮምና አውግስጢኖስ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተራ ስላላስገቡት፣ በአውሮፓ ከአንባቢ እጅ ወጣ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ግን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲገለበጥና ሲነበብ ኖረ።

በ17ኛው መቶ ዘመን የመጽሐፉ በኢትዮጵያ መኖር ሲሰማ፣ ኒኮላ ፔሬስክ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር መጽሐፈ ሄኖክ ነው የተባለለትን የግዕዝ ብራና በብዙ ገንዘብ ገዛ። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ብራናውን መርምሮ ሌላ መጽሐፍ መሆኑን አረጋገጠ። ሉዶልፍን በግዕዝና በአማርኛ ያበለጸጉት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ስለዚህም አውሮፓን ከስሕተቷ ያወጣት ዕውቀት ራሱ ከኢትዮጵያዊ መምህር የተገኘ ነበር ማለት ይቻላል።

እውነተኛው መጽሐፍ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ1773 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂዎች ይዞ በተመለሰ ጊዜ ነው። አንዱ ለፓሪስ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ለኦክስፎርድ ደረሰ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን፣ አውጉስት ዲልማን በ1851 የግዕዙን ንባብ አሳተሙ።

በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን አራተኛ ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ሚሊክም በ1976 አሳተማቸው። ቁርጥራጮቹ ኢትዮጵያውያን የጠበቁት መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መሠረት እንዳለው አስመሰከሩ። ሆኖም ሙሉውን መጽሐፍ የያዘ ከግዕዝ በቀር ሌላ ቋንቋ የለም፤ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎች ክፍልም በቁምራን አልተገኘም።

ታዲያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ መጽሐፉን ያገኘው ማነው? የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ እስከዚያ ድረስ ያቆየው ማነው? የሚለውም ነው። ብራና ራሱን አይጠብቅም። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ፍቆ ያለሰለሰ ሰው ነበረ። ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ የመቃ ብርዕ ቀርጾ፣ ወገቡን አጉብጦ ወራት የቆየ ቁም ጸሐፊ ነበረ። የደጎሰው፣ ማኅደሩን የሰፋው ባለእጅም ነበረ። የአብዛኞቹ ስም በታሪክ አልተመዘገበም። አሮጌው ሲያልቅ አዲስ እየገለበጡ መጽሐፉን ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገሩት ግን እነርሱ ናቸው።

«ግኝት» የሚለው ቃል ይህን ድካም ሲሸፍን፣ ቅርስን ከባለቤቱ ለመነጠል ምክንያት ይሆናል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው ብራናዎች ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። በአንጻሩ ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን ከባለቤቶቻቸው ሳይነጥል ቅጂያቸውን ለጥናት አብቅቷል።

ልብ ወለዱ ከመሬት ተቆፍሮ በወጣ ጽሑፍ ይጀምራል፤ የሄኖክ ታሪክ ግን በደብር ዕቃ ቤት በተቀመጠ፣ በተማሪ ፊት በተዘረጋ መጽሐፍ ይጀምራል። የዛሬ መምህርና ኪነ ጥበበኛ ስለ ጥንታዊ ብራና ሲናገር፣ ከአግኚው ስም አስቀድሞ የጠባቂውን እጅ ቢያስታውስ ታሪክን በቦታዋ ያስቀምጣታል።