ስለ አክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ

አንባቢ ሆይ፤ የጥንት የወርቅ ገንዘብ ዋጋው በሚዛን ብቻ የሚታወቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሐዋሳም ሆነ በሌላው ከተማ ወርቅ ሠሪ ዘንድ የሚቀርብ ወርቅ ሁሉ በግራም ተመዝኖ ዋጋው ይቆረጣልና አሳቡ አያስደንቅም። ነገር ግን የአክሱም ወርቅ በሚዛን ቢገመት እጅግ ጥቂት ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ንጉሥ እንዱቢስ ያሳተመው እንኳ 3 ግራም አይሞላም፤ ኋላ የተነሡት ነገሥታት ያሳተሙት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ትልቁ ዋጋ ያለው በፊቱ በተቀረጸው ነገር ላይ ነው።

የንጉሡ መልክ በሁለቱም ወገን ይታያል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ከቦታል። በወርቁ ከባሕር ማዶ ነጋዴዎች ጋራ ይገበያዩበት ነበርና ስሙ የተጻፈው በጽርእ ፊደል ነው። ከራሱ በላይ አስቀድሞ የነበረው ምልክት ጨረቃ ነው። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ግን ጨረቃው ወጥቶ መስቀል ገባ። እንግዲህ የሃይማኖቱን መለወጥ ከድንጋይ ጽሕፈት ጋራ የሚመሰክረው ይህ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ምልክት ነው።

አሁን ጉዳቱን ተመልከት። ወርቁን በአንገቱ ሊያንጠለጥል የሚሻ ሰው የሚበሳው ከንጉሡ ራስ በላይ ነው፤ ያም ጨረቃው ወይም መስቀሉ ያለበት ስፍራ ነው። አንድ ቀዳዳ ምስክሩን ያጠፋዋል። 1889 ዓ.ም. የሚል ዓመት በተቀረጸበት በዳግማዊ ምኒልክ ወርቅም ላይ ለጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ የምኒልክ ታሪክ በመጻሕፍት ስለ ሞላ ጉዳቱ ያንሳል። ጠገራ ብርስ ስንቱ ቀልጦ መስቀልና አልቦ ሆነ! አንጥረኞቹን ግን አልወቅስም፤ ሌላ ብር ከወዴት ያምጡ?

ብርቅነት የሚለወጥ ነገር ነው። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በየመን አገር፣ አል ማዳሪባ በተባለ ስፍራ፣ ከ800 የሚበልጥ የአክሱም ወርቅ ከሮም ወርቅ ጋራ በአንድነት ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ድልብ በወጣ ጊዜ ትናንት ብርቅ የነበረው ዛሬ ይበዛል፤ የተፋቀ ፊት ግን አይመለስም። ከአክሱም ነገሥታት መካከል ከገንዘባቸው በቀር ሌላ ምስክር የሌላቸው አሉ። ኤባና የተባለ ንጉሥ መንገሡ የታወቀው ወርቁ ሳይቀልጥ ስለ ቀረ ነው።