ከኬላ እስከ ቤቲንግ ቤት፤ በዕድል ስለሚገኝ ገንዘብና ስለ ግብሩ

ስለ ግብር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ተማሪው ዘወትር የሚያስበው መሬትን፥ ከብትንና ንግድን ነው። በዕድል የሚገኝ ገንዘብ ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ለቡና ቤት ወሬ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በከተሞቻችን ብዙ ወጣት በእግር ኳስ ውጤት ላይ ቲኬት ይቈርጣል፤ ሌላውም ፋንታሲ በሚባለው ጨዋታ በሐሳቡ ቡድን እያቋቋመ ከጓደኞቹ ጋር ባዋጣው ገንዘብ ይወዳደራል። ከዚህም አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የረታ ሰው ግብር የሚከፍለው እጁ በገባው ገንዘብ ሁሉ ላይ ነው ወይስ ለማግኘት ያወጣው ተቀንሶ በተረፈው ላይ? ይህ ጥያቄ አዲስ ቢመስልም በሀገራችን የቆየ ዘር አለው።

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ያለው የሳንሱሲ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፥ ቃሉ «ያለ ሐሳብ» ወይም «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። (የፕሩስያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በፖትስዳም ያሠራው ቤተ መንግሥትም ይህንኑ ስም ይዟል።) ከዚሁ ሠፈር በታጠቅ በኩል የሚሄደው መንገድ ደግሞ ኬላ ወደሚባል ሥፍራ ያደርሳል፤ ኬላ የሚለው ስም ለግብር ታሪክ ተማሪ ብዙ ይናገራል። በቀድሞው ዘመን ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ሲያልፍ በኬላ በር ቀረጥ ይከፍል ነበር። ቀራጩ የሚያየው በፊቱ የቆመውን ጭነት ነው፤ ዕቃው አትርፎ ይሸጥ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ስንት በቅሎ ሞቶበት እንደ ሆነ የእርሱ ጉዳይ አልነበረም። በዚህ ዓይነት የሚሰበሰብ ግብር ለሰብሳቢው ቀላል ነው፤ መዝገብም ምርመራም አይፈልግም። ለከፋዩ ግን ኪሳራውን አያውቅለትም።

የአሥራትም ጠባይ ከዚህ የራቀ አልነበረም። አሥራት እንደ ስሙ ከምርቱ ከዐሥር አንድ ሲሆን፥ ለዘር የዋለው እህልና የበሬው ቀለብ አስቀድሞ አይነሣለትም። በ1944 እ.ኤ.አ. አሥራቱ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ በተባሉት የመሬት ደረጃዎች መጠን በገንዘብ ሲተመን፥ የገበሬው ወጪ አሁንም ከሒሳቡ ውጭ እንደ ሆነ ቀረ። ለውጡ የመጣው በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 255 ነው። ይህ አዋጅ አሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ፤ ገቢም ከወጪው ጋር የሚታሰብበትን መንገድ ከፈተ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ለገበሬው የሚሻል ነበር። ነገር ግን በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ታላቅ ዐመፅ ተነሣ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ አስተዳደርም በሕዝቡ ዘንድ የተጠላ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን ገበሬውን ያስደነገጠው ገማች ኮሚቴ ወደ ማሳው መምጣቱ ነው፤ ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፥ የለካም ርስቴን ይነካል ብሎ ፈራ። በመጨረሻ መንግሥት ገዥውን ከቦታው አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ለውርርዱም ጥያቄ ቍልፍ ነው። ወጪው እንዲቀነስለት የሚፈልግ ሰው ቤቱን መክፈት አለበት፤ መንግሥት የማያየውን ኪሳራ ሊቀንስ አይችልም።

አሁን ወደ ዕድሉ ገንዘብ እንለፍ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 እና የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደርን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 183 የወጡት በአንድ ዓመት፥ በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። መንግሥት በአንድ እጁ የሕዝቡን ገቢ በሠንጠረዥ እየለየ ሲያስገብር፥ በሌላው እጁ ዕድልን ራሱ ይሸጥ ጀመር። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 «የዕድል ሙከራ» ገቢ 15 በመቶ ግብር እንዲከፈልበት፥ ከ100 ብር በታች የሆነውም ነጻ እንዲሆን ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 መጠኑን ሳይለውጥ ነጻውን ወሰን ወደ 1,000 ብር ከፍ አደረገው። (ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፥ እዚህ የምናገረው በ2008 ዓ.ም. እንደ ወጣው ነው።) በሁለቱም ሕጎች ግብሩን ቀንሶ የሚያስገባው ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ነው፤ የሚቀነሰውም ከጥቅሉ ነው። እንግዲህ ከፋዩ መስኮት ኬላ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት ለሎተሪ ተስማሚ ነበር። አንድ ሰው በጥቂት ገንዘብ ትኬት ገዝቶ ብዙ ሺህ ብር ቢደርሰው፥ የትኬቱ ዋጋ ተቀነሰ አልተቀነሰ ልዩነቱ የሚታይ አይደለም። የእግር ኳስ ውርርድ ግን በየሳምንቱ፥ አንዳንዴም በየቀኑ የሚደጋገም ስለ ሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ የሳንሱሲ ልጅ በሳምንት 200 ብር እያስያዘ 20 ሳምንት ቢጫወት 4,000 ብር ያወጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ 3,000 ብር ቢረታ፥ 450 ብር ግብር ተቀንሶ 2,550 ብር ይሰጠዋል። ልጁ በጠቅላላው 1,450 ብር ከስሯል፤ የገቢ ግብር ግን ከፍሏል። ጎረቤቱ በበኩሉ 2,000 ብር አውጥቶ ዐሥር ጊዜ 900፥ 900 ብር ቢረታ 7,000 ብር ያተርፋል፤ እያንዳንዱ ቲኬት ከወሰኑ በታች ስለ ሆነ ምንም አይከፍልም። የከሰረው ሲገብር ያተረፈው በነጻ ያልፋል። ይህን ፍትሕ ነው የሚል ሰው ቢኖር ክርክሩን ለመስማት እወዳለሁ።

የፋንታሲ ተጫዋቾች ደግሞ ሌላ ክርክር ያመጣሉ፤ ተጫዋች የምንመርጠው በዕውቀት ስለ ሆነ ጨዋታችን የዕድል ሙከራ አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ብልኀት ቢኖረውም ጌታውን አይጠቅምም። አዋጅ ቁጥር 979 በሌላ አንቀጽ ያልተያዘ ገቢን ሁሉ «ሌላ ገቢ» ብሎ በዚያው በ15 በመቶ ያስገብራልና፥ ዕድል አይደለም ያለ ሰው የ1,000 ብሩን ነጻነት አጥቶ በዚህኛው አንቀጽ ይያዛል። በአሜሪካም የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል በ2020 እ.ኤ.አ. የዕለታዊ ፋንታሲ መግቢያ ክፍያ ውርርድ ነው ብሎ ስለ ጻፈ ክርክሩ እዚያም አልቀናውም።

የውጭ አገሮችን አሠራር ብንመለከት ሁለት የተለያዩ መንገዶች እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር በ1925 እ.ኤ.አ. ግሬሃም በግሪን ላይ በተባለው ክስ ዳኛው በፈረስ ውርርድ ብቻ የሚተዳደር ሰው እንኳ በረታው ገንዘብ የገቢ ግብር እንደማይከፍል ወሰነ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተወራራጁ በሚያስይዘው ላይ ይከፍል የነበረው ቀርቶ ግብሩ በአወራራጁ ድርጅት ትርፍ ላይ ተጣለ። በአሜሪካ ግን ተጫዋቹ የረታውን ሁሉ ራሱ ያስታውቃል፤ ኪሳራውን ሊያስቀንስ የሚችለው ወጪውን በዝርዝር ሲያቀርብ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከረታው ሊበልጥ አይችልም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራው የሚቀነሰውን ወደ 90 በመቶ ስላወረደው፥ በዓመት 10,000 ዶላር ረትቶ 10,000 ዶላር የከሰረ በዚያ የሚኖር ወገናችን ባላገኘው 1,000 ዶላር ላይ ይታሰብበታል። መዝገብ መያዝ ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ከዚህ ይታያል።

በእኔ አስተያየት ለእኛ የሚቀርበው የእንግሊዙ መንገድ ነው። ሆኖም ተወራራጁን ማስገበር ግድ ከሆነ ሒሳቡ በቲኬት መሆኑ ቀርቶ በዓመት ቢሆን ይሻላል። የጎጃሙ ገበሬ ገማቹን የፈራው ማሳውን የሚያየው ሰው ስለ መጣበት ነበር። በስልኩ የሚወራረድ ሰው ግን ማሳው አስቀድሞ ታይቷል፤ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ያስገባውና ያወጣው እስከ ሳንቲሙ ተመዝግቧልና። የረታውን የሚያሳየው መዝገብ የከሰረውንም ያሳያል። በሳንሱሲ ጓደኛሞች አዋጥተው የሚጫወቱት ፋንታሲ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው መዝገብ የገንዘብ ያዡን ደብተር ብቻ ነው፤ የውድድሩ ዘመን ሲያበቃ ገንዘብ ያዡ ለአንደኛው 10,000 ብር ቈጥሮ ቢሰጠው፥ 15 በመቶውን ቀንሶ ገቢ የሚያደርገው «ከፋይ» እርሱ ነው ወይስ አዋጪዎቹ ሁሉ? ይህን ለሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን እተወዋለሁ።