ፍሪስፔስ ኦፕን

ፍሪስፔስ ኦፕን «ፍሪስፔስ 2» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሶርስ ኮድ ላይ ተመሥርቶ በአድናቂዎች ያለ ክፍያ የሚሠራ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሞተር (ኢንጅን) ነው። ሥራው የተጀመረው ቮሊሽን የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ኩባንያ ሶርስ ኮዱን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2002 ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ ነው። በዚህ ሞተር የፍሪስፔስን ታሪክ የሚቀጥሉ ዘመቻዎች፣ እንዲሁም በ«ባቢሎን 5»፣ በ«ባትልስታር ጋላክቲካ» እና በ«ዊንግ ኮማንደር» ዓለም ውስጥ የሚካሄዱ ጨዋታዎች ተሠርተዋል። የፍሪስፔስ ታሪክ ሳያልቅ የቆመ በመሆኑና ባለቤቶቹም ስላልቀጠሉት፣ የአድናቂዎቹ ሥራ «እውነተኛው ታሪክ የትኛው ነው?» የሚል የቀኖና ክርክር አብሮት ይዞ መጥቷል።

(በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ

የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ተጫዋቹ በአንዲት ተዋጊ መንኮራኩር ውስጥ ሆኖ በጆይስቲክ ወይም በኪቦርድ እየነዳ የሚዋጋበት የጨዋታ ዓይነት ነው። በ1990ዎቹ በጣም ተወዳጅ ነበር፤ ከታዋቂዎቹ መካከል «ዊንግ ኮማንደር» (1990)፣ «ኤክስ ዊንግ» (1993) እና «ታይ ፋይተር» (1994) ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ፍሪስፔስ በ1998 ወጣ። ሠሪው ቮሊሽን፣ አሳታሚው ደግሞ ኢንተርፕሌይ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሴፕቴምበር 30 ቀን 1999 ሲወጣ ተቺዎች እጅግ አሞገሱት፤ ሽያጩ ግን ደካማ ነበር። በ2000 ቮሊሽን በቲኤችኪው ኩባንያ ተገዛ። የፍሪስፔስ ስም መብት ግን ከኢንተርፕሌይ ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ጨዋታውን የሚያውቁት ባለሙያዎች በአንድ ወገን፣ መብቱ በሌላ ወገን ሆኖ ቀረ። ሦስተኛ ክፍል እስካሁን አልተሠራም። ቮሊሽንም በ2023 ተዘግቷል።

የታሪኩ ይዘት

ታሪኩ የሚካሄደው በ24ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሰው ልጆች ቫሱዳን ከተባለ ሌላ ዘር ጋር ለ14 ዓመታት ሲዋጉ ሺቫን የተባለ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጠላት ድንገት ይደርስባቸዋል። ሁለቱ ባላንጣዎች ጠባቸውን ትተው ይተባበራሉ። በመጀመሪያው ክፍል ፍጻሜ «ሉሲፈር» የተባለችው የሺቫኖች ግዙፍ መርከብ ወደ ፀሐይ ሥርዓት በምታመራበት ጊዜ በጉዞ ላይ ትደመሰሳለች፤ ፍንዳታዋም ወደ ምድር የሚወስደውን ብቸኛ መተላለፊያ ይዘጋዋል። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ከምድር ተቆርጠው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ክፍል ከ32 ዓመታት በኋላ ይጀምራል። ሺቫኖች «ኖሶስ» በተባለ ጥንታዊ መተላለፊያ በኩል ተመልሰው ይመጣሉ፤ የሰዎችና የቫሱዳኖች ኅብረት ለ20 ዓመታት የገነባው፣ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው «ኮሎሰስ» የተባለው መርከብ ሳይቀር ይወድማል። በመጨረሻም ሺቫኖች ካፔላ የተባለችውን ኮከብ ወደ ሱፐርኖቫ ለውጠው ያፈነዷታል። ለምን እንዳደረጉት ጨዋታው አይናገርም። በመዝጊያው ላይ ከኖሶስ በተገኘው ዕውቀት ወደ ምድር የሚወስደውን መንገድ እንደገና መክፈት ሊቻል እንደሚችል ይጠቆማል፤ ታሪኩም በዚሁ ያበቃል።

የሶርስ ኮዱ መለቀቅ

ፍሪስፔስ 2 ሲሸጥ «ፍሬድ» የተባለ የተልዕኮ መሥሪያ ፕሮግራም አብሮት ይመጣ ነበር። በዚህ ምክንያት አድናቂዎች ኮዱ ከመለቀቁ በፊትም የራሳቸውን ተልዕኮዎችና ዘመቻዎች ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ሞተሩን ራሱን መለወጥ አይችሉም ነበር። በ2002 ኮዱ ሲለቀቅ ይህ ገደብ ተነሣ።

ፈቃዱ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ በኮዱ የተሠራ ነገር ለንግድ ሊውል አይችልም። ሁለተኛ፣ የተለቀቀው ኮዱ ብቻ ነው፤ የጨዋታው ሥዕሎች፣ ድምፆችና ተልዕኮዎች በባለቤቶቻቸው መብት ሥር ናቸው። ስለዚህ የፍሪስፔስን ዘመቻዎች ለመጫወት የመጀመሪያውን ጨዋታ መግዛት ያስፈልጋል። ሥዕሉንም ድምፁንም ከባዶ የሠሩ ጨዋታዎች ግን ለብቻቸው በነጻ ይገኛሉ።

አድናቂዎቹ ከዚያ ወዲህ የሥዕሉን ጥራት፣ የብርሃኑንና የጥላውን አሠራር አሻሽለዋል፤ ጨዋታው በዊንዶውስ ብቻ ሳይሆን በሊኑክስና በማክ እንዲሠራም አድርገዋል። የመጀመሪያው ፍሪስፔስ ተልዕኮዎችም ወደ አዲሱ ሞተር ተዛውረዋል።

በአድናቂዎች የተሠሩ ጨዋታዎች

ብሉ ፕላኔት፦ ከፍሪስፔስ 2 ፍጻሜ የሚቀጥል ዘመቻ ነው። ወደ ምድር የሚወስደው መንገድ ከተከፈተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የኖሩት የሰው ልጆች እርስ በርስ ወደ ጦርነት ይገባሉ። «ዋር ኢን ሄቨን» የተባለው ክፍሉ በ2010 ወጣ፤ በዚህ ክፍል ተጫዋቹ የሚዋጋው ለምድር ወገን፣ በቀድሞው ጨዋታ ላይ የራሱ ከነበረው ኅብረት ጋር ነው።

ዘ ባቢሎን ፕሮጀክት፦ በ«ባቢሎን 5» የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተመሠረተ ነው። ሲየራ የተባለው ኩባንያ በዚሁ ድራማ ላይ ሲያዘጋጅ የነበረውን «ኢንቱ ዘ ፋየር» የተባለ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ በ1999 ሳይጨርስ ሰርዞት ነበር። አድናቂዎቹ የሠሩት ጨዋታ ይህንን ክፍተት በከፊል ሞልቷል።

ዊንግ ኮማንደር ሳጋ፦ ማርች 22 ቀን 2012 የወጣ ለብቻው የሚሠራ ጨዋታ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው «ዊንግ ኮማንደር 3» በሚሸፍነው ጊዜ ቢሆንም ተጫዋቹ የዋናው ጨዋታ ጀግና የሆነው ብሌር አይደለም፤ በዚያው ጦርነት በሌላ ግንባር የሚዋጋ ተራ አብራሪ ነው።

ዲያስፖራ፦ በ2003 እንደ አዲስ በተሠራው «ባትልስታር ጋላክቲካ» ላይ ተመሥርቶ በ2012 የወጣ ነው። ከእርሱ በፊት «ቢዮንድ ዘ ሬድ ላይን» የተባለ የሙከራ ጨዋታ በ2007 ወጥቶ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ድራማዎች ላይ የተመሠረቱት ጨዋታዎች ሞተሩ ራሱ እንዲለወጥ ይጠይቁ ነበር። በፍሪስፔስ መንኮራኩሮቹ አየር ውስጥ እንዳለ አውሮፕላን አፍንጫቸው ወደ ዞረበት ይበራሉ። በ«ባቢሎን 5» እና በ«ባትልስታር ጋላክቲካ» ግን አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ በያዘው አቅጣጫ እየተንሳፈፈ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚከተለውን ጠላት ሊመታ ይችላል። አየር በሌለበት ጠፈር ዕቃ አንዴ ከተንቀሳቀሰ የሚያቆመው ስለሌለ ይህ ከፊዚክስ ሕግ ጋር ይስማማል። በፍሪስፔስ ኦፕን ላይ ይህንን የሚፈቅድ አሠራር ተጨምሯል።

የቀኖና ክርክር

የቃሉ አመጣጥ

«ቀኖና» የሚለው ቃል በአማርኛ ይበልጥ የሚታወቀው ከቤተ ክርስቲያን ጋር በተያያዘ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት የመጽሐፍ ቅዱስ ቀኖና ይባላሉ። ወደ ልብ ወለድ የተሻገረው በቀልድ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ በ1911 የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትን የምርምር ዘዴ በሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች ላይ አስመስሎ ሠራበት። ከዚያም ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ራሱ የጻፋቸው ታሪኮች ሌሎች ከጻፏቸው ተለይተው ቀኖና መባላቸው የተለመደ ሆነ።

ባለቤቱ ሲወስን

በብዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ሥራዎች የቀኖናን ወሰን የሚወስነው የመብቱ ባለቤት ነው። ሉካስፊልም ለ«ስታር ዋርስ» ታሪኮች «ሆሎክሮን» የተባለ የመረጃ ቋት ነበረው፤ በውስጡም ፊልሞቹ ከልብ ወለድ መጻሕፍትና ከጨዋታዎች በላይ ደረጃ ይሰጣቸው ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ኩባንያው እስከዚያ ድረስ የወጡትን አብዛኞቹን መጻሕፍት፣ ኮሚኮችና ጨዋታዎች «ሌጀንድስ» (አፈ ታሪኮች) ብሎ ከቀኖናው አወጣቸው። «ኤክስ ዊንግ» እና «ታይ ፋይተር» ከወጡት መካከል ናቸው። በ«ባቢሎን 5» ግን ቃሉ የሚሰማው የፈጣሪው የጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ነው፤ በድራማው ላይ ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል የካትሪን ድሬናን መጽሐፍ (1997) የታሪኩ እውነተኛ ክፍል መሆኑን እርሱ አረጋግጧል።

ለጨዋታ ሠሪ ክርክሩ ተግባራዊ ውጤት አለው። በ«ስታር ዋርስ» የዳርዝ ቬደር መርከብ የሆነችው «ኤግዚኪዩተር» ርዝመት በተለያዩ ጽሑፎች 8 ኪሎ ሜትር፣ 12.8 ኪሎ ሜትርና 19 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ይህ የቁጥር ልዩነት ብቻ ነው። በጨዋታ ውስጥ ግን በሰከንድ 100 ሜትር የምትበር መንኮራኩር 8 ኪሎ ሜትሩን በ80 ሰከንድ፣ 19 ኪሎ ሜትሩን ደግሞ በ190 ሰከንድ ትጨርሳለች። ስንት መድፍ እንደሚተከልና ተልዕኮው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ሁሉ በዚሁ ይወሰናል። ጨዋታ ሠሪው «አይታወቅም» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ አንዱን ቁጥር መምረጥ አለበት።

ባለቤቱ ዝም ሲል

የፍሪስፔስ ጉዳይ የሚለየው የሚወስን አካል ባለመኖሩ ነው። ሺቫኖች ካፔላን ለምን አፈነዱ ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ዘመቻ የየራሱን መልስ ይሰጣል፤ መልሶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። በአድናቂዎች ዘንድ በአጠቃላይ ሦስት አቋሞች ይታያሉ፦

1. ቀኖና በቮሊሽን ሁለት ጨዋታዎች ውስጥ የታየውና የተነገረው ብቻ ነው።
2. ከጨዋታዎቹ በተጨማሪ ቮሊሽን ስለ ጨዋታው ዓለም ያዘጋጃቸው ጽሑፎችም ይቆጠራሉ።
3. እያንዳንዱ ዘመቻ የራሱ ዓለም ነው፤ መመዘን ያለበት ከሌላው ጋር በመስማማቱ ሳይሆን በራሱ ውስጥ ባለመጋጨቱ ነው።

አንደኛው አቋም ግልጽነት አለው፤ ነገር ግን ታሪኩን በ1999 ላይ ያቆመዋል። ሦስተኛው ለፈጠራ በሩን ይከፍታል፤ ሆኖም አንድ ተጫዋች ከሌላው ጋር ስለ አንድ ታሪክ መወያየት እንዲያስቸግረው ያደርጋል።

የክርክሩን ክብደት በተለይ የሚያሳየው «ሳይለንት ትሬት» የተባለው ጭማሪ ነው። በ1998 በይፋ የወጣ ቢሆንም ከዋናው ጨዋታ በጥራት እንደሚያንስ ብዙዎች ይስማማሉ። አድናቂዎች «ሳይለንት ትሬት ሪቦርን» በሚል ስም እንደገና ሠርተውታል። በመጀመሪያው አቋም መሠረት ደካማው ሥራ ቀኖና ነው፣ የተሻሻለው ግን አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ ቀኖና መሆኑ ባለቤትነቱን እንጂ ጥራቱን እንደማያመለክት ለማስረዳት ይጠቀሳል።

ሕጋዊ ሁኔታ

የአድናቂዎች ጨዋታ በሌላ ሰው የቅጂ መብት ላይ የቆመ ስለሆነ ህልውናው በባለቤቱ ፈቃድ ወይም ዝምታ ላይ ይመሠረታል። በ2018 የ«ስታር ትሬክ»ን መርከብ በኮምፒውተር ውስጥ እንደገና የገነባው «ስቴጅ ናይን» የተባለ የአድናቂዎች ሥራ በመብቱ ባለቤት ጥያቄ ተቋርጧል። ሥራውን በነጻ መስጠት ብቻውን ከክስ አያድንም፤ ሆኖም አብዛኞቹ ሠሪዎች ከባለቤቶች ጋር ላለመጋጨት ገንዘብ አይጠይቁም።

ፍሪስፔስ ኦፕን ከዚህ አንጻር የተሻለ መሠረት አለው፤ ኮዱ በባለቤቱ እጅ በይፋ የተለቀቀ ነውና። ቲኤችኪው ከከሰረ በኋላ ኢንተርፕሌይ በ2013 የቀሩትን የፍሪስፔስ መብቶች በ7,500 የአሜሪካ ዶላር ገዛ። ኮዱ በተለቀቀበት ፈቃድ መሠረት ሞተሩ ከአድናቂዎች እጅ አልወጣም፤ በ«ባቢሎን 5»፣ በ«ዊንግ ኮማንደር» እና በ«ባትልስታር ጋላክቲካ» ላይ የተመሠረቱት ጨዋታዎች ግን አሁንም የሚቆዩት የየሥራዎቹ ባለመብቶች እስካልተቃወሟቸው ድረስ ነው።

ደግሞ ይዩ

• የሳይንስ ልብ ወለድ
• የቅጂ መብት
• ስታር ዋርስ
• ሱፐርኖቫ