የኤሌክትሮድ ልባስ ታሪክና የአቃቂ ቃሊቲ ብየዳ

በኤሌክትሪክ ብየዳ የሚያገለግለው ኤሌክትሮድ ከሁለት ነገሮች ብቻ የተሠራ ዘንግ ነው፤ መሐሉ ለስላሳ የብረት ሽቦ፣ ውጪው ከማዕድንና ከብረት ዱቄት ተቦክቶ የደረቀ ልባስ። በአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ የጭነት መኪና ካሶኒና የውሃ ታንከር የሚሠሩ ወርክሾፖች ዘወትር የሚጠቀሙበት ዘንግ የሽቦው ውፍረት በአብዛኛው 2.5 ወይም 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሽቦው በየፋብሪካው ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ኤሌክትሮድ በቀላሉ የሚለኮስ፣ ሌላው የሚያስቸግር፣ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ተሰባሪ ብየዳ የሚሰጠው በልባሱ ምክንያት ነው። የኤሌክትሮድ ታሪክም በአመዛኙ የልባስ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኤሌክትሪክ ቅስት ብረትን ማቅለጥ የተጀመረው ልባስ በሌለው ዘንግ፣ ያውም በከሰል ነው። ከሩሲያ ግዛት የመጣው ኒኮላይ ቤናርዶስ በ1881 ፓሪስ ላይ በከሰል ዘንግና በብረት መካከል ቅስት አስነስቶ መበየድ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1885ም ከስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ ጋር በብሪታንያ የፈጠራ መብት አገኘ። ከሰሉ ስለማይቀልጥ የሚጨመረው ብረት በሌላ እጅ ይቀርብ ነበር። በ1888 በፔርም የመድፍ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኒኮላይ ስላቪያኖቭ ከሰሉን በብረት ዘንግ ተካው። ያኔ ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ ክፍተቱን መሙላት ጀመረ፤ የዛሬው አሠራር መሠረትም ይኸው ነው።

ራቁት ሽቦ ግን ሁለት ችግር ነበረበት። ቅስቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከዘንጉ ጫፍ የሚንጠባጠበው ቅልጥ ብረት በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል። ናይትሮጅን የጠጣ ብረት ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፤ ኦክስጅኑም ካርቦኑንና ማንጋኒዙን ያቃጥልበታል፤ በብየዳው ውስጥም ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ከውጭ ሲያዩት ያማረ መስመር በመዶሻ ሲመታ እንደ ሸክላ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ስዊድናዊው ኦስካር ኬልበርግ ነው። ኬልበርግ የመርከብ ቦይለር ጥገና የሚያውቅ መሐንዲስ ስለነበር ችግሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተሰነጠቀ ቦይለር ነው የተማረው። በ1904 በጎተንበርግ ከተማ ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1907 ደግሞ ሽቦን በካርቦኔትና በሲሊኬት ድብልቅ ሊጥ ውስጥ ነክሮ የማድረቅን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ካርቦኔቱ በቅስቱ ሙቀት ሲበታተን ጋዝ ይሆንና አየሩን ያርቃል። ሲሊኬቱ ቀልጦ በብየዳው ላይ ይንሳፈፍና ሲቀዘቅዝ እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ በያጆች ብየዳውን ከጨረሱ በኋላ በመዶሻ የሚያራግፉት ስላግ ይህ ነው። በብሪታንያ አርተር ስትሮሜንገር በበኩሉ ሽቦውን በሰማያዊ አስቤስቶስ ክር ጠምጥሞ ጥሩ ብየዳ የሚሰጥ ኤሌክትሮድ ሠራ። አስቤስቶስ ሳንባን እንደሚያጠፋ ገና በሰፊው ስላልታወቀ ዘዴው ለረዥም ጊዜ ተወዳጅ ነበር።

የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ያኔ ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ላይ ወደነበረችው አቃቂ የደረሰው በ1915፣ ማለትም ከኬልበርግ ልባስ 8 ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ ወደ አካባቢው ብዙ ብረት ቢያመጣም ብየዳን ግን አላመጣም። የዘመኑ ሐዲድ የሚገጣጠመው በማያያዣ ሳህንና በብሎን፣ ድልድዩም በሪቬት ነበር። የአገሩ ብረት ሠሪ ደግሞ በወናፍ ያጋለውን ብረት በመዶሻ ቀጥቅጦ ያጋጥም ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ብየዳ ነው፤ ነገር ግን ረዥም ቧንቧ ወይም ሰፊ ላሜራ በምድጃ ውስጥ አይገባም። በዓለም ላይም ቢሆን የኤሌክትሪክ ብየዳ ገና የጥገና ሙያ ነበር። ስሙን ያስጠራው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ በ1917 በአሜሪካ ወደቦች ታግደው የነበሩ የጀርመን መርከቦች ሞተሮቻቸው በገዛ ሠራተኞቻቸው ተሰባብረው ሲገኙ በብየዳ ተጠግነው ወደ ባሕር ተመለሱ። ከ3 ዓመት በኋላ በብሪታንያ ፉላጋር የተባለችው መርከብ ሙሉ አካሏ ያለ ሪቬት በብየዳ ተሠርታ ወደ ውሃ ገባች።

በመንከር የተለበሰ ዘንግ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ሊጡ ወደ ታች ስለሚፈስ ልባሱ በአንድ ጎን ወፍራም፣ በሌላው ስስ ይሆናል፤ በቅስቱ ውስጥም ስሱ ጎን ቀድሞ ስለሚቃጠል እሳቱ ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ የተፈታው በ1920ዎቹ ሽቦውን ከሊጡ ጋር በአንድነት በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ገፍቶ የሚያወጣ ማሽን ሲመጣ ነው። ከ1927 ጀምሮ በአሜሪካ በዚህ መንገድ ወፍራም ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ በብዛት ተመረተ፤ ዋጋውም ወረደ። በ1940 ደግሞ ኤሌክትሮዶች በቁጥር የሚለዩበት የመጀመሪያው የአሜሪካ መለኪያ ወጣ። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የብረታ ብረት ሱቆች በካርቶኑ ላይ የሚነበበው 6013 የዚያ ሥርዓት ልጅ ነው፤ 60 የብየዳውን የመጎተት ጥንካሬ በሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች ይገልጻል፤ ቀጣዩ 1 በማንኛውም አቅጣጫ መበየድ እንደሚቻል ያሳያል፤ የመጨረሻው አኃዝ ከፊቱ ካለው ጋር ተያይዞ የልባሱን ዓይነትና የሚስማማውን ኮረንቲ ይናገራል።

አቃቂ የብየዳ መንደር እንድትሆን ከኤሌክትሮዱ በፊት ኤሌክትሪኩ መምጣት ነበረበት። በአቃቂ ወንዝ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገነባው የአባ ሳሙኤል ግድብ ኃይሉ አነስተኛ ነበር። በ1960 ሥራ የጀመረው፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተገነባው የቆቃ ግድብ ግን 43 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን አካባቢ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ ደግሞ ቃሊቲ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ1975 ደርግ ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ የአገሪቱ ፋብሪካዎች የመለዋወጫ ችግር ውስጥ ገቡ፤ የውጭ ምንዛሪ ስላልነበረ የተሰበረ ጥርስና የተሰነጠቀ ዘንግ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይሞረድ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ለዚሁ ችግር የተሰጠ መልስ ነው፤ በ2010 የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ተብሎ ወደ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተጠቃለለ።

ብየዳን ከፋብሪካ ግቢ አውጥቶ ወደ መንገድ ዳር ያመጣው ግን ቱቦላሬ ነው። ቱቦላሬ ከስስ ላሜራ ታጥፎ፣ ስፌቱም በፋብሪካ ያለ ኤሌክትሮድ በኤሌክትሪክ ግለት ተጣብቆ የሚወጣ ባለ አራት ማዕዘን ቧንቧ ነው። አንድ መቁረጫ፣ አንድ የብየዳ ማሽንና አንድ ሞርሳ ያለው ሰው በር መሥራት ይችላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር የበርና የመስኮቱ ሥራ ለተደራጁ አነስተኛ ማኅበራት ይሰጥ ስለነበር ኤልቲዜድ የተባለውን የመስኮት ብረት የሚበይዱ ወጣቶች በየሰፈሩ በዙ። ገላንና ቱሉ ዲምቱ የመሳሰሉ ሰፊ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ መሆናቸው ሥራውን የቅርብ አደረገው።

በእነዚህ ወርክሾፖች 6013 ሌሎቹን ሁሉ ያሸነፈው በዋጋ ብቻ አይደለም። የዚህ ኤሌክትሮድ ልባስ ዋና ክፍል ሩታይል ነው፤ ማለትም የታይታኒየም ኦክሳይድ። ሩታይል ቅስቱን ለስላሳ፣ ጥልቀቱን አነስተኛ ያደርገዋል፤ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ሲበየድ እንዳይበሳ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ኮረንቲው ነው። የተለመደው ማሽን በነጠላ ፌዝ የሚሠራ፣ አንዳንዴም እዚሁ አገር የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ነው፤ የሚሰጠውም ተለዋዋጭ ኮረንቲ ሲሆን በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ቅስቱ በእያንዳንዱ ዜሮ ላይ ጠፍቶ እንዳይቀር በልባሱ ውስጥ ፖታሲየም ይጨመራል፤ ፖታሲየም ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ስለሚለቅ የቅስቱ ጋዝ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን አያቋርጥም። በፖታሲየም ፈንታ ሶዲየም ያለበት 6010 የተባለ ኤሌክትሮድ ግን ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚፈልግ በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ አይነድም። የመስመሩ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 60 ቮልት ይሰጥ የነበረ ትራንስፎርመር ወደ 49 ይወርዳል፤ ያኔም ቢሆን 6013 እያስቸገረ ይለኮሳል፤ 7018 ግን ብዙ ጊዜ በብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

7018 የሌላ ታሪክ ውጤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የታንክ ጋሻ ብረት የሚበይዱ ባለሙያዎች ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ከጎኑ የሚፈጠር ስንጥቅ አስቸገራቸው። ጥፋተኛው ከልባሱ እርጥበት የሚወጣው ሃይድሮጅን ነበር፤ ሃይድሮጅኑ በጠንካራ ብረት ውስጥ ሰርጎ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከኖራ ድንጋይና ከፍሎራይት የተሠራ፣ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ፣ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን የተባለ ልባስ ተዘጋጀ። በአሜሪካው መለኪያ የ7018 ልባስ እርጥበት ከ0.6 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በሴሉሎስ የተሠራው 6010 ግን ከ3 በመቶ በላይ እርጥበት ከሌለው በደንብ አይነድም። ፋብሪካው የሚያደርቀውን ግን የክረምቱ አየር ይመልሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ ካርቶኑ ተከፍቶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደረ 7018 ዝቅተኛ ሃይድሮጅን የሚባልበት ምክንያት አይኖርም። ደንቡ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ምድጃ ለ2 ሰዓት ያህል እንደገና ማድረቅን፣ ከዚያም ቢያንስ 120 ዲግሪ ባለው ማቆያ ውስጥ ማስቀመጥን ያዛል። በፀሐይ ማስጣት ላይ ላዩን ከማድረቅ አያልፍም። ለታንከርና ለከባድ ተጎታች ጥሩ ኤሌክትሮድ ገዝቶ ምድጃ አለመግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤሌክትሮድ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ነገሮች በከፊል በኢትዮጵያ ይገኛሉ። የኖራ ድንጋይ በሙገርና በሌሎችም ቦታዎች ሞልቷል። ልባሱን የሚያጣብቀው ሶዲየም ሲሊኬት ከሶዳ አሽና ከሲሊካ አሸዋ ቀልጦ የሚሠራ ነው፤ ሶዳ አሽ ደግሞ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል። የፖታሲየም ምንጭ ሊሆን የሚችለው የደናክል ፖታሽ ግን ክሎራይድ ስለሆነ ሳይለወጥ አያገለግልም። ሩታይል በቅርብ ርቀት ይገኝ የነበረው ከኬንያ ነው፤ በክዋሌ የተከፈተው የታይታኒየም አሸዋ ማዕድን ከ2014 ጀምሮ ወደ ውጭ ልኮ በ2024 መጨረሻ ቆፍሮ ጨርሷል። ፌሮማንጋኒዝ ከውጭ ይመጣል። አስቸጋሪው ግን ቀላል የሚመስለው ሽቦ ነው፤ ካርቦኑ ከ0.1 በመቶ በታች፣ ድኝና ፎስፈረሱ እጅግ ጥቂት መሆን አለበት። ከቁርጥራጭ ብረት የሚቀልጠው የአገር ውስጥ ፌሮ ይህን አያሟላም፤ ስለዚህ 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ሽቦ አስመጥቶ ወደ 2.5 ወይም 3.2 መሳብ ግድ ይላል።

የተመረተ ኤሌክትሮድ ፈተና የሚጀምረው ከመለኮሱ በፊት ነው። ልባሱ በሽቦው ዙሪያ እኩል መሆኑ ይለካል፤ ለ2.5 የሚፈቀደው ልዩነት 7 በመቶ፣ ለ3.2ና ለ4 ሚሊ ሜትር 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 4 በመቶ ነው። ከዚያ ወፍራም ሳህኖች መካከል ያለው ክፍተት በብየዳ ይሞላና ከመሐሉ ክብ ዘንግ ተሞርዶ ወጥቶ እስኪበጠስ ይጎተታል። 6013 ቢያንስ 430 ሜጋ ፓስካል መቻልና 17 በመቶ መለጠጥ ይጠበቅበታል፤ 7018 ደግሞ 490 እና 22 በመቶ። 7018 በተጨማሪ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ በመዶሻ ሲመታ ቢያንስ 27 ጁል መቋቋም አለበት። አቃቂ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ሆኖም ይህን ፈተና ያለፈ ብረት ንጹሕ መሆኑን ስለሚያሳይ ቁጥሩ በሞቃት አገርም ትርጉም አለው።

ወርክሾፕ ውስጥ ላለ በያጅ የሚቻለው ፈተና ሌላ ነው። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በቲ ቅርጽ በአንድ ጎን ብቻ ይበየድና በመዶሻ ተመትቶ እስኪሰበር ይታጠፋል። በስብራቱ ላይ ቀዳዳ ከታየ ልባሱ እርጥበት ጠጥቷል ወይም ብረቱ ቀለምና ዘይት ነበረበት፤ የስላግ መስመር ከታየ ኮረንቲው አንሷል ወይም እጁ ፈጥኗል፤ ማዕዘኑ ሳይቀልጥ ከቀረ ቅስቱ ረዝሟል። ይህ ፈተና ደቂቃዎች ብቻ ስለሚወስድ አዲስ ካርቶን በተከፈተ ቁጥር ሊደረግ ይችላል። ሃይድሮጅን የሚያመጣውን ስንጥቅ ግን አያሳይም፤ ያ ስንጥቅ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ስለሚወጣ ጠንካራ ብረት የተበየደበት ሥራ ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲመረመር በደንቦች ይጠየቃል።