ሽማግሌ ሳይላክ

ጥር የሠርግ ወር ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ጥር 19 ቀን 1997 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ እዚህ ደጋሹ ለቅዳሜና ለእሁድ ጉድ ጉድ ሲል፣ ለንደን ውስጥ ሮያል ፓርክ በሚባል ሆቴል አምስት ሰዎች ለሌላ ዓይነት ጋብቻ ተቀምጠው ነበር። ድንኳን የለም፣ ጡሩምባ የለም። ጉዳዩ ድምፅ ባይሰማበት የሚመረጥ ነበር።

አንደኛው የአርሰናሉ የግራ መስመር ተከላካይ አሽሊ ኮል ነው። ከልጅነቱ አርሰናል ያደገ የምሥራቅ ለንደን ልጅ፣ ባለፈው የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደው ቡድን አባል። ከጎኑ ወኪሉ ጆናታን ባርኔት አለ። ከፊት ለፊታቸው የቼልሲው አሠልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆና የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፒተር ኬንየን። አምስተኛው እስራኤላዊው ወኪል ፒኒ ዛሃቪ ነው። በክፍሉ ያልነበረው የልጁ «አባት» ብቻ ነው፤ አርሰናል።

እሁድ ጠዋት ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ ወሬውን ይዞት ወጣ። ሦስት ቀንም ተደብቆ አልቆየም።

እንግሊዞች ይህን ሥራ «ታፒንግ አፕ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው «ማስኮብለል» ነው፤ ሌላ ክለብ በውል የያዘውን ተጫዋች ክለቡ ሳያውቅ ማነጋገር፣ ማባበል፣ ልቡን ማሸፈት። ሕጉ የሚለው ቀላል ነገር ነው። ልጁን ከፈለግህ መጀመሪያ ሽማግሌ ወደ አባቱ ቤት ላክ። አባት እሺ ካለ ከልጁ ጋር ተነጋገር፤ እምቢ ካለ ተመለስ። ቼልሲ ሽማግሌ ሳይልክ ከልጁ ጋር ተቀመጠ።

ይህ ሕግ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ከዚያ ሐሙስ ወደ 120 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ገንዘብ ሲገባ ተጫዋቹ የተሻለ ወደ ከፈለው ማዘንበሉ አይቀርም። የላንክሻየር ክለቦች ክፍያው ከመፈቀዱ በፊትም ሰው እየላኩ የስኮትላንድን ጎበዞች ያስኮበልሉ ነበር፤ ከተላኩት መካከል ተነቅቶባቸው ከአገሬው ዱላ የቀመሱም ነበሩ። በ1888 አሥራ ሁለት ክለቦች ሊጉን ሲመሠርቱ አንዱ የሌላውን ተጫዋች እንዳይነጥቅ መላ መፈለግ ነበረባቸው። መላው በ1893 ተገኘ። ተጫዋቹ አንዴ በአንድ ክለብ ከተመዘገበ፣ ክለቡ ካልፈቀደለት በቀር በሊጉ ለሌላ ክለብ መጫወት አይችልም። ውሉ ቢያልቅም እንኳ አይችልም። በ1901 ደግሞ ደመወዙ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደነገገ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። ስምምነቱ በአባቶች መካከል የተደረገ ነው። «የእኔን ልጅ አትንካ፣ የአንተን አልነካም» ተባባሉ። ልጁን የጠየቀ የለም።

የዚህን ነገር ልክ ያሳየው ጆርጅ ኢስትሃም ነው። በ1960 ከኒውካስል ጋር የነበረው ውል አለቀ፤ ልሂድ አለ፤ ክለቡ አልለቅህም አለ። ውል የለውም፣ ግን ነፃም አይደለም። ኢስትሃም ጫማውን ሰቅሎ ወደ ለንደን አካባቢ ሄደና ለአንድ ወዳጁ ድርጅት ቡሽ መሸጥ ጀመረ። አዎ፣ የጠርሙስ ክዳን የሚሆነውን ቡሽ። እግር ኳስ ያውቅ የነበረ ሰው ወራት በዚህ ሥራ አሳለፈ። በመጨረሻ ኒውካስል ተሸነፈና በ47,500 ፓውንድ ሸጠው። ለማን? ለአርሰናል። ኢስትሃም ግን ከተሸጠ በኋላም ክሱን አልተወም፤ በ1963 ዳኛ ዊልበርፎርስ ውሉ ያለቀን ሰው አስሮ ማቆየት ሠርቶ የማደር መብትን ያለ አግባብ መገደብ ነው ብለው ፈረዱለት።

ቀሪውን ሰንሰለት የበጠሰው ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ነው። በዲሴምበር 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሉን የጨረሰ የአውሮፓ ኅብረት ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ክለብ መሄድ ይችላል አለ። ከዚያ ወዲህ ለክለቦች የቀራቸው መያዣ ውሉ ራሱ ሆነ። ስለዚህ ውሉ ሳያልቅ ማንም ልጁን እንዳያናግር ጥበቃውን አጠበቁ። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 18 ገዢው ክለብ ድርድር ከመጀመሩ በፊት ለተጫዋቹ ክለብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር በነፃነት መፈራረም የሚችለው ውሉ ሲያልቅ ወይም ስድስት ወር ሲቀረው ነው። አንቀጹ አባል ፌዴሬሽኖች ሁሉ በአገራቸው ደንብ ሳይቀይሩ ሊያስገቡት የሚገባ ስለሆነ የእኛንም ፌዴሬሽን ይመለከታል።

ወደ ሆቴሉ እንመለስ። ፕሪሚየር ሊጉ የሰየመው ኮሚሽን ግንቦት 24 ቀን 1997 ዓ.ም. ውሳኔውን አሳወቀ። ቼልሲ 300,000 ፓውንድና በገደብ የታለፈ የሦስት ነጥብ ቅነሳ፣ ሞሪንሆ 200,000፣ ኮል 100,000። ኮል ሕጉ ራሱ ሠርቶ የማደር ነፃነቴን ይነካል ብሎ የኢስትሃምን ዓይነት ክርክር አነሣ፤ አልሠመረለትም፤ ሠራተኛው ውል ላይ ነው፣ ውል ደግሞ ይከበራል ተባለ። በይግባኝ የሁለቱ ግለሰቦች ቅጣት ለእያንዳንዳቸው ወደ 75,000 ፓውንድ ወረደ።

ቅጣቱን ከገበያው ጋር እናስተያየው። በዚያው ክረምት ቼልሲ ማይክል ኢሲየንን ከሊዮን በ24.4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። የሆቴሉ ቅጣት ከዚህ አንድ ከመቶ እምብዛም አያልፍም። ኮልም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1998 ዓ.ም. በዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን ቼልሲ ገባ፤ በልዋጭ ዊሊያም ጋላስና 5 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ አርሰናል ሄዱ። የአርሰናል ደጋፊዎች በኋላ ሲያገኙት የእሱ ምስል ያለበት የሐሰት የወረቀት ገንዘብ አውለበለቡበት።

እንዲህ ያለ ፍጻሜ የኮል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊቨርፑል በሳውዝሃምፕተኑ ቨርጂል ቫን ዳይክ ጉዳይ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፍላጎታችንንም ትተናል አለ። በሰባት ወር ውስጥ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። በእኛ አገር ወግ ሽማግሌዎች «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ ልጅቷ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ከልጁ ጋር ቀድመው ከተግባቡ ሰነባብተዋል፤ አባትም አይጠፋውም። ቢሆንም ሁሉም እንዳልሰማ ሆኖ ይሰማል፣ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። የእግር ኳሱ ወግም ከዚህ አይርቅም። ወኪል ከወኪል በስልክ ያወራል፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ደብዳቤው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። የቼልሲ ጥፋት መነጋገሩ ብቻ ሳይሆን ሲነጋገር መታየቱ ጭምር ነበር።

ታዲያ ሕጉ ለምን ይቅርልን አንልም? እ.ኤ.አ. በ2017 ጸደይ የተሰጠ ሌላ ውሳኔ መልሱን ይዟል። ሊቨርፑል የስቶክ ሲቲ አካዳሚ የነበረን የ12 ዓመት ልጅ ቤተሰብ ጨዋታ ጋብዞ፣ ጥቅም አሳይቶ አስኮብልሏል ተብሎ 100,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ ከሌሎች የእንግሊዝ ክለቦች ታዳጊ እንዳይወስድም ለሁለት ዓመት ታገደ፣ አንዱ ዓመት በገደብ። ልጁ ከስቶክ ወጥቶ ሊቨርፑልም ሳይገባ መሀል ላይ ቀረ። ለ12 ዓመት ልጅ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ያስፈልጋል። ወኪል፣ ጠበቃና በሳምንት አሥር ሺዎች ያለው ጎልማሳ ግን ያንኑ ዘበኛ ሲያይ እስረኛ የሆነ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ኮል በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት ተርኮታል። መኪና እየነዳ ሳለ ወኪሉ ደወለለት። አርሰናል በሳምንት 60,000 ሳይሆን 55,000 ፓውንድ ነው የሚሰጠው። ከንዴት የተነሣ ከመንገድ ልወጣ ነበር ይላል፤ አንባቢው ሕዝብ በዚህ ሳቀበት፣ ስግብግብም አለው። ይሁን። ግን ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 5,000፣ በዓመት 260,000 ፓውንድ ነው። ቼልሲ ለአንዲት የሆቴል ቀጠሮ ብቻ የተቀጣው ከዚህ ይበልጣል። አባት ያቺን ጭማሪ በጊዜው ቢሰጥ ኖሮ፣ ያን ሐሙስ ልጁን ሆቴል የሚያስኬድ ነገር አይኖርም ነበር።